ጋቢና የተቀመጠው መምህር

በአሜሪካዋ ቴክሳስ ክፍለ ግዛት የ15 ዓመት ልጅ መኪና መንዳት ለመማር የግድ አሠልጣኝ መቅጠር የለበትም። እናቱ ወይም አባቱ ሕጉ የሚጠይቀውን ካሟሉ ራሳቸው ያስተምሩታል። የልምምዱን ሰዓት የሚመዘግቡት እነሱ ናቸው፤ ትምህርቱ መጠናቀቁን በፊርማቸው የሚያረጋግጡትም እነሱው። መንግሥት የሚያየው ወረቀቱን ነው። ልጁ በእርግጥ በዝናብ ነድቶ እንደሆነ፣ በጨለማ ወጥቶ እንደሆነ፣ በተጨናነቀ ፍሪዌይ ላይ መስመር ቀይሮ እንደሆነ የሚያውቁት እሱና ጋቢና የተቀመጠው ሰው ብቻ ናቸው።

መንጃ ፈቃድ ከማሠልጠኛ ተቋም ተለይቶ በማይታይበት አገር ላደገ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ አባት ልጁን ገላጣ ሜዳ ወስዶ መሪ ቢያስጨብጠው፣ ወይም የጭነት መኪና ረዳት ከሾፌሩ ሥር ሆኖ ማርሽ መቀያየሩን ቢለምድ ለፈቃዱ የሚቆጠርለት ነገር የለም፤ ፈቃድ ባለው ተቋም ገብቶ መሠልጠን አለበት። በቴክሳስ ግን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1997 ጀምሮ የወላጅ ማስተማር ከትምህርት ቤቱ እኩል ሕጋዊ መንገድ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኦክላሆማም ተመሳሳይ አሠራር አላት። የቴክሳሱ ግን በስፋቱ የታወቀ ነው፤ በዳላስና በጋርላንድ አካባቢ ለሚኖሩ በርካታ የኢትዮጵያ ቤተሰቦችም በየቤታቸው የሚያጋጥም የዕለት ጉዳይ ነው።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። በአሜሪካ መንዳትን ማስተማር መጀመሪያ የትምህርት ቤት ሥራ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ኤሞስ ኔይሃርት የተባለ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በራሱ መኪና ማሠልጠን ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትምህርቱ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ተማሪው ከሒሳብና ከታሪክ ክፍለ ጊዜው ወጥቶ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ከቆመችው የትምህርት ቤቱ መኪና ይገባ ነበር።

ከዚያ በ1970ዎቹ መጨረሻ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ትልቅ ሙከራ ተካሄደ። ከ16 ሺህ በላይ ተማሪዎች በዕጣ ተከፋፈሉ፤ አንዳንዶቹ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ሙሉ ሥልጠና፣ ሌሎቹ አጭር ሥልጠና ወሰዱ፣ የቀሩት ደግሞ በትምህርት ቤት ምንም አልተሰጣቸውም። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። በረጅም ጊዜ ሲታይ ሙሉ ሥልጠና የወሰዱት ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ አደጋ አላደረሱም ማለት ይቻላል። የፌዴራል መንግሥቱ ድጋፍ ቀዘቀዘ፤ በጀት ያነሳቸው ትምህርት ቤቶችም ትምህርቱን እየተዉ ሄዱ። ቦታውን የግል ማሠልጠኛዎች ሲይዙት ክፍያው በቤተሰብ ትከሻ ላይ ወደቀ። ከከተማ ርቆ በሰፊው የቴክሳስ ገጠር ለሚኖር ቤተሰብ፣ ልጆቹንም በቤት ውስጥ ለሚያስተምር፣ ወላጅን መምህር የሚያደርገው ሕግ ሲመጣ እፎይታ ነበር።

አሠራሩ የሚጀምረው በ20 ዶላር ነው። ወላጁ የቴክሳስ የፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚያዘጋጀውን የወላጅ መመሪያ ከፍሎ ይወስዳል። ፕሮግራሙ እስከ 2015 ድረስ በሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ሰው ሁሉ ዲፒኤስ በሚለው፣ ሥር ነበር፤ አሁን ዲፒኤስ ፈተናውንና ካርዱን ብቻ ይዟል። ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው ገና በዚህ በመጀመሪያው ደረጃ ነው። መመሪያው ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ትምህርትም ሆነ ልምምድ አይቆጠርም። ክረምቱን ሙሉ ልጁን ሲያለማምድ የከረመ አባት መመሪያውን በመስከረም ቢወስድ፣ የሰዓት መዝገቡ ከመስከረም ይጀምራል።

ማስተማር የሚችለው ማን ነው? ወላጅ፣ እንጀራ ወላጅ፣ አያት፣ አሳዳጊ። ይህ ሰው ባለፉት 3 ዓመታት የጸና መንጃ ፈቃድ የነበረው፣ በእነዚህ ዓመታት በአነዳድ ጥፋት ፈቃዱ ያልታገደበት መሆን አለበት። ባለፉት 7 ዓመታት ጠጥቶ በመንዳት ከተፈረደበትም አይችልም። ሕጉ ሌላም በር ከፍቷል፤ ወላጁ ራሱ ማስተማር ካልቻለ ዕድሜው 25 የሞላ፣ ቢያንስ 7 ዓመት የነዳ፣ ለሥራው ገንዘብ የማይቀበል ሰው ሊወክል ይችላል። በቅርብ ጊዜ አሜሪካ ለገባ ቤተሰብ ይህች አንቀጽ ትልቅ ነገር ናት። አባት መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመቱ ቢሆን፣ ዳላስ 10 ዓመት የኖረ አጎት ወይም የልጁ የክርስትና አባት ሥራውን ሊረከብ ይችላል።

ትምህርቱ ሁለት ክፍል አለው። የንድፈ ሐሳቡ ክፍል 24 ሰዓት ሲሆን ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው ሊጀምረው ይችላል። ወላጁ መሥሪያ ቤቱ ካጸደቃቸው ኮርሶች አንዱን ይመርጣል፤ ዛሬ አብዛኛው ቤተሰብ ይህን ክፍል ልጁ በኮምፒውተር እንዲከታተል ያደርጋል። ከ24ቱ የመጀመሪያዎቹን 6 ሰዓቶች የጨረሰና 15 ዓመት የሞላው ልጅ ወደ ዲፒኤስ ሄዶ ፐርሚት የሚባለውን የመለማመጃ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ወላጅ አብሮ ሄዶ ይፈርማል። የልደት የምስክር ወረቀት ወይም ሕጋዊ የመኖሪያ ማስረጃ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ፣ ተማሪ መሆኑን የሚገልጽ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የኮርሱ ወረቀት ይዘው ይቀርባሉ። ዓይኑ ይታያል፣ የጽሑፉን ፈተና ይፈተናል፤ ጥያቄዎቹ 30 ናቸው፣ ማለፊያውም 70 ከመቶ። ክፍያው 16 ዶላር ነው። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ቶሎ ጊዜው የሚያልፍ ስለሆነ ወራት አስቀድሞ ማውጣት አይጠቅምም፤ ዲፒኤስ ወረፋ ጠብቀው በዚህች ወረቀት ምክንያት የሚመለሱ ቤተሰቦች አሉ።

ሁለተኛው ክፍል መኪናው ውስጥ ነው፤ ድምሩ 44 ሰዓት ይሆናል። 7 ሰዓት ልጁ እየነዳ መመሪያውን ተከትሎ ይማራል፤ 7 ሰዓት ሌላ ሰው ሲነዳ ተቀምጦ ያያል፤ ቀሪው 30 ሰዓት ልምምድ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 10ሩ በጨለማ መሆን አለበት። ፐርሚት የያዘ ልጅ ብቻውን አይነዳም። አጠገቡ፣ ጋቢና ውስጥ፣ ዕድሜው 21 የሞላና ቢያንስ የአንድ ዓመት የመንዳት ልምድ ያለው ባለ ፈቃድ መኖር አለበት።

በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። መኪናው ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው።

አንድ ቤተሰብ እናስብ። ጋርላንድ፣ እሑድ ከሰዓት፤ ቅዳሴ አልቆ ሰው ተበትኗል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ባዶ ሆኗል። አባት ለዓመታት ታክሲ የነዳ፣ ከተማውን እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ነው። የ15 ዓመቷ ልጁ መሪውን ይዛለች። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጥሩ ሄደ፤ ማቆም፣ መነሳት፣ በቀስታ መዞር። ከፓርኪንጉ ወጥተው ሰፈር ውስጥ ሲገቡ ግን የአባት ድምፅ መለወጥ ጀመረ። «ቀኝሽን ያዢ። ቀኝ! የቆመውን መኪና ልትነኪው ነው። ፍሬን! ፍሬን!» ልጅቷ በድንጋጤ ፍሬኑን ረገጠችው፤ ከኋላቸው ያለው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ። «አባዬ፣ አትጩህብኝ፤ አይቼው ነበር።» አባት ላቡን ጠረገ። አይታው ይሁን ሳታየው እሱ በምን ያውቃል?

ችግሩ ይህ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር አብዛኛውን ነገር ሳያስብ ያደርገዋል። ከፊቱ ያለው መኪና ጎማው ትንሽ ሲዞር፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሲቆም፣ ኳስ ከግቢ ተንከባልሎ ሲወጣ እግሩ ራሱ ነዳጁን ይለቃል። ይህን ዕውቀት ለልጁ ማስተላለፍ የሚችለው በቃል ካወጣው ብቻ ነው። «ፍሬን» የሚለው ትእዛዝ ለዚያች ሰከንድ ያድናል፤ ለሚቀጥለው ቀን ግን የሚያስተምረው ነገር የለም። «ያ ነጭ መኪና ምን ሊያደርግ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ያስተምራል። ልጅቷ መልስ ለመስጠት መኪናውን ማየት፣ ፍሬቻውን መፈለግ፣ የሾፌሩን ሐሳብ መገመት አለባት። አባትም ምን እንዳየችና ምን እንዳላየች ይሰማል። አሠልጣኞች ተማሪዎቻቸው የሚያዩትን ሁሉ እየተናገሩ እንዲነዱ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ወላጅም ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት ቢያስለምድ ብዙ ጩኸት ይቀንስለታል።

በሰሜን ካሮላይና ተመራማሪዎች ለአሜሪካ የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር የደኅንነት ፋውንዴሽን ባደረጉት ጥናት ፐርሚት በያዙ ልጆች መኪና ውስጥ ካሜራ ገጥመው ወላጅና ልጅ ምን እንደሚነጋገሩ አዩ። ወላጆቹ በብዛት የሚናገሩት ስለ መኪናው አያያዝ ነበር፤ ቀስ በል፣ ዙር፣ አቁም። ከሩቅ የሚታይ አደጋን ስለ መገመት የሚያነሱት በጣም በጥቂቱ ነው። ልምምዱም ባብዛኛው በደህና አየር፣ በተለመደ መንገድ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሱቅ ሲኬድ የሚደረግ ነበር። ዝናብ ሲዘንብና መንገዱ ሲጨናነቅ መሪው ወደ ወላጅ ይመለስ ነበር።

ይህ የሚገባ ፍርሃት ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን ያዛባል። ልጁ ፈቃዱን ባወጣ ማግስት ዝናቡም፣ ጨለማውም፣ ፍሪዌዩም ይጠብቁታል፤ ያኔ ጋቢናው ባዶ ነው። በዳላስ ኤልቢጄ የሚባለው 635 ሃይዌይ ከ75 ጋር የሚገናኝበት ሃይ ፋይቭ የተባለ መጋጠሚያ አለ፤ በ2005 የተጠናቀቀ፣ አምስት ድርብ መንገድ እርስ በርሱ የተደራረበ፣ ከፍታው እንደ 12 ፎቅ ሕንፃ የሆነ። ጋርላንድ የሚያድግ ልጅ አንድ ቀን እዚያ ላይ መውጣቱ አይቀርም። የመጀመሪያ ቀኑ በአባቱ አጠገብ፣ ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ሳይሞላ ቢሆን ይሻላል፤ ከጓደኛው ጋር ሌሊት ሙዚቃ ከፍቶ ከሚሆን።

ወላጅ ከማስተማሩ በፊት ራሱ የሚያርመውም ነገር አለው። ከ20 ዓመት በፊት የተማረ ሰው እጁን መሪው ላይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ 10 እና 2 ላይ ያስቀምጣል። ዛሬ የሚመከረው 9 እና 3 ነው፤ ኤርባጉ ከመሪው መሃል ሲፈነዳ ከፍ ብሎ የተያዘ እጅ ወደ ፊት ተስፈንጥሮ ጉዳት ያደርሳልና። ርቀት አጠባበቅም እንዲሁ። የቴክሳስ የአሽከርካሪ መመሪያ በሰዓት ከ30 ማይል በታች ለሚነዳ 2 ሰከንድ፣ ከዚያ በላይ 4 ሰከንድ ርቀት እንዲጠበቅ ይላል። ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ተጀምሮ የራስ መኪና እዚያው ምሰሶ እስኪደርስ ቆጠራው 4 መሙላት አለበት። ብዙ ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ቢለኩ 2 እንኳ አይሞላላቸውም። መስመር ሲቀየር ስፖኪዮ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ስፖኪዮው የማያሳየውን ቦታ አንገትን አዙሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህን ፈታኙም ልጁ ላይ በዓይኑ ይከታተላል። ልጅ ደግሞ የሚማረው ከሚነገረው በላይ ከሚያየው ነው። ለዚህም ነው 7ቱ የማየት ሰዓቶች ቀልድ ያልሆኑት። እናት ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀይ መብራት ላይ መልእክት የምታነብ ከሆነ፣ ያን ሰዓት ልጇ እየተማረ ነው።

ይህ መንገድ ይሠራል ወይ? ለዚህ ጥያቄ ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። በ2007 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የትራንስፖርት ተቋም ለፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያቀረበው ጥናት በወላጅ የተማሩትን በትምህርት ቤትና በግል ማሠልጠኛ ከተማሩት ጋር አነጻጸረ። ውጤቱ ለወላጆች ጥሩ ዜና አልነበረም፤ በወላጅ የተማሩት ፈቃድ ካወጡ በኋላ የበለጠ የትራፊክ ጥፋትና የበለጠ አደጋ ተመዝግቦባቸዋል። በዚያን ጊዜ ትምህርቱን የጨረሰ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመንዳት ፈተናው ይቀርለት ነበር። አባት አስተምሮ፣ አባት ፈርሞ፣ ማንም ሌላ ሰው ልጁ ሲነዳ ሳያይ ካርዱ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። በ2009 ቴክሳስ «ያነሰ እንባ፣ የበዛ ዕድሜ» በተባለ ሕግ ይህን ዘጋች፤ የልምምድ ሰዓቱን ጨመረች፣ የመንገድ ላይ ፈተናውንም ከ18 በታች ላለ ሁሉ ግዴታ አደረገች። ትክክለኛ እርምጃ ነበር። እናት ልጇን እንደ ፈታኝ ልታየው አትችልም፤ እንድትችልም መጠበቅ የለባትም።

ከዚህ ጥናት ወላጅ ማስተማር አይችልም ወደሚል ድምዳሜ መዝለል ግን ስሕተት ነው። የስዊድን ልምድ በተቃራኒው ይመሰክራል። ስዊድን በ1993 ልጆች በቤተሰብ አጠገብ መለማመድ የሚጀምሩበትን ዕድሜ ከ17 ዓመት ተኩል ወደ 16 ዝቅ አደረገች፤ ፈቃድ የሚሰጠው ግን እንደ ቀድሞው በ18 ነው። ዕድሉን የተጠቀሙት ልጆች ልምምዳቸው ከ50 ሰዓት በታች ከነበረው ወደ 120 ሰዓት ገደማ አደገ። ፈቃድ ካወጡ በኋላም አደጋቸው በግልጽ ቀነሰ። ከ2006 ወዲህ ደግሞ አለማማጁና ልጁ ሁለቱም የመግቢያ ኮርስ ሳይወስዱ መጀመር አይችሉም፤ አለማማጁ 24 ዓመት የሞላውና ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 5 ዓመት ፈቃድ የነበረው መሆን አለበት። ስቶክሆልም ወይም ጎተንበርግ የኖረ ኢትዮጵያዊ ከኋላው አረንጓዴ ምልክት የለጠፈ፣ እናትና ልጅ የተቀመጡበት መኪና ሳያይ አይቀርም።

እንግዲህ የሁለቱ አገሮች ልዩነት ማን አስተማረ የሚለው ላይ አይደለም። የስዊድኑ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ አለው፤ በረዶውንም፣ ጭለማውንም ሁለት ክረምት አብሮት ከሚቀመጥ ሰው ጋር ያየዋል። የቴክሳሱ ልጅ ፐርሚቱን 6 ወር ከያዘና 16 ከሞላው ይበቃዋል። 30 ሰዓት በ6 ወር ሲካፈል በሳምንት ከ1 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሕጉ የሚለው ትንሹን ልክ ነው፤ ቤተሰብ ግን እንደ ትልቁ ልክ ይወስደዋል።

ሌሎች አገሮችና ክፍለ ግዛቶች ወላጁን በሌላ መንገድ ያስገቡታል። በቨርጂኒያ ወላጅ ቢያንስ 45 ሰዓት ልምምድ፣ ከዚያ ውስጥም 15ቱን ፀሐይ ከገባች በኋላ መመዝገብ አለበት። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜናዊው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስን ጨምሮ፣ ወላጁ ራሱ ከልጁ ጋር የ90 ደቂቃ የደኅንነት ትምህርት እንዲከታተል ይገደዳል። ከ18 በታች ያለ ልጅ ካርዱን የሚቀበለው ደግሞ በፍርድ ቤት፣ ወላጁ በተገኘበት፣ ከዳኛ እጅ ነው። በሜሪላንድ የልምምዱ ሰዓት 60 ነው። በእስራኤል ማስተማሩ የባለሙያ ሥራ ሆኖ ቢያንስ 28 ትምህርት ይጠየቃል፤ የወላጅ ተራ የሚመጣው ከፈቃዱ በኋላ ነው። አዲሱ ሾፌር የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ቀንም ሌሊትም፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ደግሞ ሌሊት ሌሊት ያለ አጃቢ አይነዳም። ይህ የእስራኤል ሐሳብ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አዲስ ሾፌር ከሁሉ በላይ አደጋ የሚያደርሰው ብቻውን መንዳት በጀመረባቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት መሆኑ በብዙ አገሮች ተረጋግጧልና።

ወደ ቴክሳስ እንመለስ። ሰዓቱ ሲሞላ ልጁ ፈተና ከመቀመጡ በፊት አንድ ግዴታ ይቀረዋል፤ ኢምፓክት ቴክሳስ የተባለውን፣ በነጻ የሚሰጠውን የ2 ሰዓት ቪዲዮ ማየት። ቪዲዮው ስለ ተዘናግቶ መንዳት ነው፤ ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ይናገሩበታል። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ90 ቀን ብቻ ነው። ወላጅ አብሮት ቢያየው ጥሩ ነው፤ በራት ጠረጴዛ ላይ ያልተነሣ ብዙ ነገር ይነሣበታል።

የመንገድ ላይ ፈተናው በቤተሰቡ መኪና ነው። ፈታኙ አስቀድሞ ኢንሹራንሱን፣ ምዝገባውን፣ መብራቶቹን፣ ጥሩምባውን፣ ቀበቶውን ያያል፤ የፍሬን መብራት የተቃጠለበት መኪና ፈተናውን ሳይጀምር ያስቀረዋል። ከዚያ ፓራለል ፓርኪንግ፣ 60 ጫማ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ፣ መገናኛዎች፣ የማቆሚያ ምልክቶች። ማለፊያው 70 ነው። የትራፊክ ሕግ የጣሰ ወይም አደገኛ ነገር ያደረገ ነጥቡ ሳይቆጠር ይወድቃል፤ በ90 ቀን ውስጥ ግን እስከ ሦስት ጊዜ መሞከር ይችላል። ብዙዎችን የሚያስጨንቃቸው ፓርኪንጉ ነው። ብዙዎችን የሚጥላቸው ግን የማቆሚያ ምልክት ላይ ሙሉ በሙሉ አለመቆም ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ይህችን ልማድ ደግሞ ልጁ የተማራት ከቤት ነው።

ያለፈ ልጅ የሚያገኘው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። እስከ 18 ዓመቱ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት አይነዳም፤ ሥራ፣ የትምህርት ቤት ጉዳይ ወይም ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር። ከቤተሰቡ ውጪ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ከአንድ ሰው በላይ አይጭንም። ስልክ በእጁም ሆነ ያለ እጁ አይነካም። ደረጃ በደረጃ ፈቃድ የመስጠት ሐሳብ ከኒው ዚላንድ የመጣ ነው፤ በ1987 በሥራ ላይ ዋለ። ፍሎሪዳ በ1996 ወሰደችው፤ ቴክሳስም በ2002 ጀመረችው። መነሻው ግልጽ ነው። የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያቋቋሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋም እንደሚለው ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ወጣቶች በሚነዱት በእያንዳንዱ ማይል ሰው የሞተበት አደጋ ውስጥ የሚገቡበት መጠን ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ጓደኛ ሲጨመር፣ ሌሊት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እነዚህን ሕጎች የሚያስከብር ፖሊስ በየመንገዱ የለም። የመኪናው ቁልፍ ያለው ወላጅ እጅ ነው።

አንዳንድ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ጣጣ ሲያይ «18 ሲሞላት ታውጣ» ይላል። ሲታሰብ ጥንቃቄ ይመስላል። በቴክሳስ ሕግ ግን ከ18 እስከ 24 ዓመት ያለ ሰው ፈቃድ ለማውጣት የሚጠየቀው የ6 ሰዓት የአዋቂዎች ኮርስ ነው። 44ቱ ሰዓት የለም፤ 10ሩ የጨለማ ሰዓት የለም፤ የጓደኛና የእኩለ ሌሊት ገደብም የለም። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ከቤት ርቃ፣ በክፍል ጓደኛዋ መኪና ለሁለት ሳምንት ተለማምዳ ካርዱን ትወስዳለች። የዘገየው ዕድሜዋ ብቻ ነው፤ ልምምዱ ጭራሽ ቀርቷል። ልጁ 16 ላይ ፈቃድ ባያስፈልገው እንኳ ፐርሚቱን አውጥቶ ሁለትና ሦስት ዓመት ከወላጁ ጋር ቢነዳ የስዊድንን መንገድ ያገኛል፤ ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። የኢንሹራንስ ክፍያው መጨመሩ እውነት ነው። ጥሩ ውጤት ላላቸው ተማሪዎች ቅናሽ የሚያደርጉ ኩባንያዎች ስላሉ ሪፖርት ካርዱን ይዞ መጠየቅ ነው።

ይህን የሚያነብ ወላጅ ልጁ 14 ወይም 15 ከሆነ መመሪያውን ዛሬ ይዘዝ። መዝገቡን ከመኪናው ሳይወርድ፣ የዕለቱን በዕለቱ ይሙላ፤ በፈተናው ዋዜማ ማታ ተቀምጦ 30 ሰዓት በአንድ እስክሪብቶ አይሙላ። በታኅሣሥ ወር ዳላስ ውስጥ ፀሐይ የምትገባው ገና 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው፤ ከሥራ መልስ፣ ከራት በፊት፣ ልጁ እየነዳ እስከ ገበያ ደርሶ መመለስ እንደ ጨለማ ልምምድ ይቆጠራል። 10ሩን እንዲህ መጨረስ ይቻላል፤ ከዚያም 10ሩን 20 ማድረግ።